የውቅያኖስ ወለል በሚሰርግባቸው ቀጣናዎች የርዕደ መሬት ንዝረት እንዴት ይሰላል?

የምድር ቅርፊት ከግዙፍ ሰሌዳዎች የተዋቀረ ነው። የውቅያኖስ ሰሌዳ ከአጎራባቹ በታች እየሰረገ የሚገባባቸው ቀጣናዎች፣ በመሣሪያ ከተመዘገቡት ርዕደ መሬቶች መካከል መጠናቸው 9 እና ከዚያ በላይ የሆኑት ሁሉ የተከሰቱባቸው ሥፍራዎች ናቸው። ከእነዚህም እ.ኤ.አ በ1960 በቺሊ፣ በ1964 በአላስካ፣ በ2004 በሱማትራና በ2011 በጃፓን የደረሱት ይጠቀሳሉ።

ንዝረትን አስቀድሞ ማስላት ሲባል አደጋው የሚደርስበትን ቀን መተንበይ ማለት አይደለም፤ ይህን የቻለ ሳይንስ እስካሁን የለም። የሚሰላው፣ የታወቀ መጠን ያለው ርዕደ መሬት በተወሰነ ርቀት ቢከሰት በአንድ ቦታ ላይ ያለው መሬት ምን ያህል ይናወጣል የሚለው ነው። የሕንፃ ደንብ የሚያወጡም ሆኑ ግድብ የሚነድፉ መሐንዲሶች ሥራቸውን የሚጀምሩት ከዚህ አኃዝ ነው።

አኃዙ ሲሳሳት የሚከተለውን ጉዳት ሜክሲኮ ሲቲ በሚገባ ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ ሴፕቴምበር 19 ቀን 1985 መጠኑ 8 የሆነ ርዕደ መሬት የተነሳው ከከተማዋ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በሚገኘው የፓሲፊክ ጠረፍ ነበር። ንዝረት ርቀት በጨመረ ቁጥር እንደሚደክም ስሌቱ ያመለክታል። ሆኖም የከተማዋ እምብርት የተገነባው በደረቀ ሐይቅ ለስላሳ ጭቃ ላይ በመሆኑ፣ በዚያ የተመዘገበው ንዝረት በዚያው ከተማ ጠንካራ መሬት ላይ ከታየው ከአራት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ጭቃው በየሁለት ሰከንዱ ገደማ ይወዛወዝ ስለነበር በተመሳሳይ ምት የሚወዛወዙ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃዎች ክፉኛ ተጎድተዋል። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ሕይወታቸውን አጥተዋል።

ልክ በ32ኛ ዓመቱ፣ በ2017 በዚያው ዕለት፣ ነዋሪው የመታሰቢያውን የመልቀቅ ልምምድ ካደረገ ከሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ መጠኑ 7 ነጥብ 1 የሆነ ሌላ ርዕደ መሬት ደረሰ። ይህኛው በሁለቱ ሰሌዳዎች መገናኛ ላይ ሳይሆን እየሰረገ በነበረው ሰሌዳ ውስጥ፣ በ50 ኪሎ ሜትር ገደማ ጥልቀት የተነሳ ነው። ለከተማዋ ቅርብ ከመሆኑም በላይ ፈጣን ምት ስለነበረው በብዛት የተጎዱት ዝቅ ያሉ ሕንፃዎች ናቸው። በከተማዋ ብቻ 228 ሰዎች ሞተዋል። ባለሙያዎች ለሁለቱ ዓይነት ርዕደ መሬቶች የተለያየ ቀመር የሚጠቀሙትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሌላው የሚያሳስት ነገር መጠን ነው። ከ8 ወደ 9 ሲያድግ የሚለቀቀው ኃይል 32 እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ በአንድ ቦታ የሚሰማው ፈጣን ንዝረት ግን በዚያው ልክ አይጨምርም። ይበልጥ የሚያድጉት የቆይታ ጊዜው፣ የሚሸፍነው ስፋትና ዘገምተኛው ውዝዋዜ ናቸው። በ2011 በጃፓን በኦሳካ የሚገኝ ባለ 55 ፎቅ የመንግሥት ሕንፃ፣ ከመነሻው 770 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ሳለ ለአሥር ደቂቃ ያህል ተወዛውዟል።

ቀመሮቹ የሚወጡት ከተመዘገበ መረጃ ነው። ጃፓን ከ1995ቱ የኮቤ አደጋ በኋላ የዘረጋችው የመመዝገቢያ ጣቢያዎች መረብ ከፍተኛ አስተዋጽኦ አድርጓል። መቀመጫው በካሊፎርኒያ በርክሌይ የሆነ የምርምር ማዕከል ያስተባበረው ዓለም አቀፍ ጥናትም ከ70 ሺህ በላይ ምዝገባዎችን አሰባስቧል። እነዚህ ቀመሮች ለስምጥ ሸለቆ አካባቢ፣ ለምሳሌ ለኢትዮጵያ፣ እንዳሉ ሊወሰዱ አይችሉም፤ በዚያ ሰሌዳዎቹ ይለያያሉ እንጂ አይሰርጉም።

መረጃ በሌለበት ሥራው ይከብዳል። በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ የሚገኘው የካስኬዲያ ቀጣና ለመጨረሻ ጊዜ በታላቅ ርዕደ መሬት የተናወጠው በጃንዋሪ 1700፣ አንድም መመዝገቢያ መሣሪያ ባልነበረበት ዘመን ነው። ተመራማሪዎች መጠኑ 9 የሚሆን ርዕደ መሬት 30 ጊዜ በተለያየ አኳኋን በኮምፒዩተር አስመስለው ሠርተዋል። ውጤቱም የሲያትል ከተማ ያረፈችበት በደለል የተሞላ ጥልቅ ተፋሰስ ዘገምተኛውን ንዝረት እንደሚያጎላ አመልክቷል።