ሚዛኑ ዛሬ ከፍ ብሏል፤ ታዲያ ምን ይሁን?

ብዙዎቻችን ቤት ሚዛን የገባው ለሰው ሳይሆን ለሻንጣ ነው። አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሻንጣውን አቅፎ ይወጣበታል፤ ከሚታየው ቁጥር ላይ የራሱን ክብደት ይቀንሳል፤ ከ23 ኪሎ በልጦ ከተገኘ ጫማው ይወጣል፣ ሻምፑው ይወጣል፣ ለአክስት የተገዛው ሹራብ ወደ እጅ ሻንጣ ይዛወራል። ሻንጣው አዲስ አበባ ሲገባ ሚዛኑ ቶሮንቶ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ይቀራል። ከዚያ አንድ ቀን የቤተሰብ ሐኪም የደም ምርመራ ውጤት እያየ «ስኳርህ ወደ ወሰኑ ተጠግቷል፤ ክብደትህን ብትቀንስ ጥሩ ነው» ይላል። ከሚዛኑ ጋር ትክክለኛው ትውውቅ የሚጀምረው ያኔ ነው።

እኔም የጀመርኩት እንዲሁ ነው። ይኸው ስምንት ዓመት ሆነኝ፣ ጠዋት ጠዋት ተመዝኜ በደብተር እጽፋለሁ። በዚያው ቤት፣ በዚያው ሚዛን ላይ፣ እናቴም በየቀኑ ትመዘናለች። የእኔ ምክንያት ስኳር ነው፤ የእርሷ ልብ ነው። ቁጥራችን በሁለት ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከፍ ቢል እኔ ደብተሬን ከድኜ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ፤ ለእርሷ ግን ወዲያውኑ ወደ ክሊኒኩ እደውላለሁ። አንድ ዓይነት ቁጥር፣ ሁለት ዓይነት ትርጉም። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ልዩነት ነው።

ለመሆኑ እኛ ክብደትን በቁጥር ማሰብ የለመድነው የት ነው? አዲስ አበባ ላይ በእግረኛ መንገድ ዳር ሚዛን ዘርግተው አላፊ አግዳሚውን በጥቂት ሳንቲም የሚመዝኑትን ልጆች ብዙ አንባብያን ታስታውሳላችሁ። ተመዛኙ ጫማውን አያወልቅም፣ ኮቱንም አያወልቅም፤ ቁጥሩን ሰምቶ ፈገግ ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ጨመረ ማለት ተመቸው ማለት ነው። «ወፈርክ» ሙገሳ ነበር፤ «ከሳህ» ደግሞ «ምነው፣ አመመህ?» የሚል ጥያቄ የሚከተለው የስጋት ቃል ነበር። ቶሮንቶ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ዳንፎርዝ ጎዳና፣ ከግሪንዉድ ወዲያ ባሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ጓደኛሞች ሲገናኙ «ቀጠንሽ፣ አማረብሽ» ሲባባሉ ይሰማል። ይህችው ሴት ለእረፍት አገር ቤት ስትገባ «ምን ሆና ነው እንዲህ የመነመነችው?» ይባልባታል። ቁጥሩን ይዘን የምንኖረው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው፤ ጠዋት ላይ ግማሽ ኪሎ ጨምሮ ሲገኝ የሚያስደነግጠንም ገሚሱ ይህ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ቁጥሩ ወጣ ገባነት እንምጣ። ይህን ነገር በትዕግሥት ካጠኑት ቀደምት ሰዎች አንዱ የፓዱዋው የሕክምና መምህር ሳንቶሪዮ ሳንቶሪዮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1614፣ በኛ አገር አፄ ሱስንዮስ ነግሦ በነበረበት ዘመን መሆኑ ነው፣ በዚሁ ጉዳይ ላይ መጽሐፍ አሳትሟል። ከትልቅ ሚዛን ላይ የተንጠለጠለ ወንበር አሠርቶ፣ የበላውን፣ የጠጣውንና ከሰውነቱ የወጣውን ሁሉ ለዓመታት መዘነ። ያገኘው ነገር ዛሬም ይሠራል፦ ከገባው ሁሉም በሽንትና በዓይነ ምድር አይወጣም፤ ከፊሉ በቆዳና በትንፋሽ፣ ለዓይን ሳይታይ ይተናል። ማታ ተመዝኖ የተኛ ሰው ምንም ሳያደርግ ጠዋት ቀሎ የሚገኘው ለዚህ ነው።

የቀረው ቀላል ሒሳብ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ሁለት ትልልቅ ብርጭቆ ውሃ የጠጣ ሰው ወዲያውኑ ግማሽ ኪሎ ጨመረ ማለት ነው፤ ወፈረ የሚለው ግን የለም። እንጀራም ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው፤ ከነወጡ ሆዳችን ውስጥ ተቀምጦ እስኪወጣ ድረስ ሚዛኑ ይቆጥረዋል። የሆድ ድርቀት ባለበት ሳምንት ሚዛኑ አልወርድ ቢል ምሥጢር የለውም። ሴቶች ወር አበባቸው ሊመጣ ሲል ባሉት ቀናት ሰውነታቸው ውሃ ይይዛል፤ ስለዚህ የዘንድሮውን ሳምንት ካለፈው ሳምንት ጋር ሳይሆን ከባለፈው ወር ተመሳሳይ ሳምንት ጋር ማወዳደር ይሻላቸዋል። ከባድ ስፖርት የሠራ ሰው ጡንቻው እስኪያገግም ድረስ ውሃ ስለሚይዝ በማግስቱ ከብዶ ሊገኝ ይችላል፤ ይህ ብዙ ጀማሪዎችን ከጂም ያባረረ ነገር ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጨው ነው። ሐኪም ቤት በደም ሥር የሚሰጠው የጨው ውሃ በአንድ ሊትር ውስጥ 9 ግራም ጨው አለው፤ ይህም ከሰውነታችን ፈሳሽ ጋር እንዲመጣጠን ተብሎ የተለካ ነው። ነገሩን ገልብጣችሁ እዩት፦ ሰውነት ውስጥ የቀረ 9 ግራም ትርፍ ጨው፣ ኩላሊት እስኪያስወጣው ድረስ፣ አንድ ሊትር ያህል ውሃ ይዞ ይቆያል። አንድ ኪሎ ማለት ነው። ዘጠኝ ግራም ደግሞ ሁለት የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ሽሮው፣ በርበሬው፣ አዋዜው፣ ከውጭ የተገዛው ፒዛ ሲደመር የሚደረስበት ልክ ነው።

ሌላው ግላይኮጅን የሚባለው የሰውነት ስንቅ ነው። ከእንጀራና ከዳቦ የምናገኘው ስታርች ከፊሉ በጉበትና በጡንቻ ይከማቻል፤ በጠቅላላው ከ400 እስከ 500 ግራም ያህል ቢሆን ነው። እያንዳንዱ ግራም ግን 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ስንቁ ሲሟጠጥ ውሃውም አብሮ ይሄዳል፤ ሲሞላም አብሮ ይመለሳል። እንጀራና ፓስታ የተወ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ኪሎ ቀነስኩ ብሎ ሲደሰት አብዛኛው ይኸው ነው።

ይህን ሁሉ በአንድ ማዕድ ላይ ለማየት ፋሲካን እንውሰድ። 55ቱን የሁዳዴ ቀናት የጾመ ሰው ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዶሮ ወጥ ይቀርብለታል፤ እሑድ ቀን ክትፎው፣ ጥብሱ፣ ድፎ ዳቦው፣ ቢራው ይከተላል። ማክሰኞ ጠዋት ሚዛኑ 2 ኪሎ ተኩል ጨምረሃል ይለዋል። ስብ ነው እንዴ? አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል ይይዛል። 2 ኪሎ ተኩል ስብ ለመጨመር ሰውነት ከሚያስፈልገው በላይ 19 ሺህ ካሎሪ በሁለት ቀን መብላት ይጠይቃል። እንዲህ ያለ በላተኛ ካለ ላየው እወዳለሁ። የጨመረው ጨውና የጨው ውሃ፣ የተሞላ ስንቅና የስንቁ ውሃ፣ ገና ያልወጣ ምግብ ነው። ተመጥኖ ከተበላ በሳምንት ውስጥ አብዛኛው ይሄዳል።

ይልቅ የምፈራው ቀጥሎ የሚመጣውን ነው። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት፣ በበዓለ ሃምሳ፣ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። በእነዚህ ቀናት በየዕለቱ 150 ካሎሪ ብቻ፣ አንድ ማንኪያ ተኩል ቂቤ እንኳ ሳይሞላ ማለት ነው፣ ትርፍ የሚበላ ሰው መጨረሻው ላይ አንድ ኪሎ እውነተኛ ስብ ይይዛል። ይህኛው አንድ ኪሎ ግን በአንድ ጠዋት ስለማይታይ ማንም አይደነግጥለትም። በእኔ ደብተር ሲታይ የሚያወፍረው ፋሲካ ሳይሆን በዓለ ሃምሳው ነው። ረመዳን የሚጾሙ ወገኖቻችንም ከኢፍጣር በፊትና በኋላ ቢመዘኑ የሚያዩት ልዩነት ከሞላ ጎደል የውሃ ነው፤ የወሩን ውጤት ከዚያ ማንበብ አይቻልም።

እንግዲህ እንዴት እንመዘን? ጠዋት፣ ሽንት ቤት ደርሶ፣ ሳይበሉና ሳይጠጡ፣ ያለ ልብስ ወይም በአንድ ዓይነት ስስ ልብስ፣ ሚዛኑን ምንጣፍ ላይ ሳይሆን ጠንካራ ወለል ላይ አስቀምጦ። በጥር ወር ቦት ጫማና የክረምት ካፖርት ለብሶ የተወሰደን ቁጥር እርሱት። የክሊኒኩን ሚዛን ከቤቱ ጋር አታወዳድሩ፤ ሁለት ሚዛን የያዘ ሰው ልቡ የወደደውን መምረጡ አይቀርም። ካናዳ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ወደ ሜትሪክ ብትዞርም ሰዉ ክብደቱን የሚናገረው በፓውንድ ነው፤ ሐኪሙ ደግሞ በኪሎ ይጽፋል። አንድ ኪሎ 2.2 ፓውንድ መሆኑን መያዝ በቂ ነው፤ ሚዛኑ ሥር ያለችውን የመለኪያ መቀየሪያ ግን ከልጆች ጠብቁ። እኛ ቤት አንዱ ሕፃን ነክቷት 61 የነበረችው እናቴ በአንድ ሌሊት 134 ሆና አድራለች።

(በነገራችን ላይ ሚዛናችሁን ይዛችሁ አገር ቤት ብትገቡ ሳትጾሙ ትቀላላችሁ። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ የቀረበች ናት፤ ከባሕር ወለልም ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። የምድር ስበት ከቶሮንቶው በመቶ 0.3 ያህል ስለሚያንስ እዚህ 80 ኪሎ የሚለውን ሰው እዚያ 240 ግራም ያህል ይቀንስለታል።)

ተመዝኖ ከጻፉ በኋላ ዋናው ነገር ዕለቱን ሳይሆን አማካዩን ማንበብ ነው። ቀላሉ መንገድ የሰባቱን ቀን ደምሮ ለሰባት ማካፈልና ሳምንትን ከሳምንት ጋር ማወዳደር ነው። እኔ የምጠቀምበት ግን የኮምፒውተር ሰው የነበረው፣ የአውቶዴስክ ኩባንያ መሥራች ጆን ዎከር እ.ኤ.አ. በ1991 በጻፈው የክብደት መቀነሻ መጽሐፍ ውስጥ ያስፋፋውን ዘዴ ነው። የትናንቱን አማካይ ይያዙ፤ የዛሬው ሚዛን ከዚያ በስንት እንደሚለይ ያስሉ፤ ልዩነቱን ለ10 ያካፍሉና አማካዩ ላይ ይደምሩ ወይም ይቀንሱ። አማካዬ 84.0 ነበር እንበል፤ ዛሬ ሚዛኑ 85.2 አለ። ልዩነቱ 1.2፣ አንድ አሥረኛው 0.12 ነው። አዲሱ አማካይ 84.1 ሆነ። አንድ ኪሎ የመሰለው ድንጋጤ መቶ ግራም ሆኖ ቁጭ አለ። ዛሬ የስልክ ፕሮግራሞች ይህን በራሳቸው ይሠሩታል፤ እኔ በእጅ መሥራቱን የወደድኩት ለእርጋታው ነው። የጠዋቱ ቁጥር ቀኑን ሙሉ የሚያበላሽበት ሰው፣ ወይም ምግብ ከመሸሽ ጋር የታገለ ሰው ግን ዕለታዊውን ቢተወው ይሻላል፤ ሐኪሙ ካላዘዘው በቀር ማንም በየቀኑ የመመዘን ግዴታ የለበትም።

እናቴ ታዛለች። ከሦስት ዓመት በፊት የልብ ድካም እንዳለባት ታወቀ፤ ልብ ደምን እንደሚገባ መግፋት ሲያቅተው ማለት ነው። ነርሷ በየቀኑ መመዘን እንዳለባት ሲነግሯት «እኔ ከብት ነኝ እንዴ፣ ጠዋት ጠዋት የምመዘነው?» ብላ አስቃቸዋለች። ከዚያ ግን ተርጉሜ አስረዳኋት። ልብ ሲደክም ኩላሊት ጨውና ውሃ መያዝ ይጀምራል። ውሃው እግር ላይ እብጠት ሆኖ ከመታየቱ፣ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ትንፋሽ ከማሳጠሩ በፊት፣ ብዙ ጊዜ ሚዛን ላይ ይታያል። በእርሷ ወረቀት ላይ የተጻፈው ወሰን በሁለት ቀን ከ2 ኪሎ በላይ፣ ወይም በሳምንት ከ2 ኪሎ ተኩል በላይ ከጨመረ ይደወል የሚል ነው። ለሌላ ሰው ወሰኑን የሚያወጣው የራሱ ሐኪም ነው።

ባለፈው ዓመት ገና በዋለ በማግስቱ 59.8 የነበረችው ሴት 60.9 ሆነች፤ በሦስተኛው ቀን 62.1። «ልጄ፣ የበዓል ነው፤ አንተም ጨምረህ የለ?» አለችኝ። እውነት ነው፣ እኔም ጨምሬ ነበር። ግን ማታ ሁለት ትራስ ደርባ መተኛቷን አይቻለሁ፤ ጫማዋም ጠቧታል። ደወልኩ። በዚያው ቀን አዩዋት፤ ውሃ የሚያስወጣውን ኪኒን ጨመሩላት፤ በአራተኛው ቀን ወደ 60 ተመለሰች። «የበዓል ነው» የሚለው ቃል ለእኔ ትክክለኛ ማብራሪያ ነው፤ ለእርሷ ግን ሆስፒታል የሚያስተኛ ቃል ሊሆን ይችል ነበር። ያው ጨው ነው፤ የእኔ ኩላሊትና ልብ በሳምንት ያስወጡታል፣ የእርሷ ላያስወጡት ይችላሉ። ቤታችሁ ውስጥ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመምተኛ ካለ፣ ለእርሱ አማካይ አታውጡለት፤ የየዕለቱን ቁጥር እዩለት። የስብ መጠን እናሳያለን የሚሉት ሚዛኖች በሰውነት ውስጥ አነስተኛ ኤሌክትሪክ ስለሚያሳልፉ ልቡ ላይ ፔስሜከር የተተከለለት ሰው ተራውን ሚዛን ይጠቀም።

ስለ አዛውንቶቻችን አንድ ሌላ ነገር አለ። ከልጆቻቸው ጋር ለመኖር የመጡ ወላጆች ሲከሱ «ጾም ነው»፣ «ብርዱ ነው»፣ «ናፍቆት ነው» ይባላል። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሳያስቡት ከ6 እስከ 12 ወር ውስጥ ከክብደታቸው 5 በመቶውን ያጣ ሰው፣ 60 ኪሎ ከነበረ 3 ኪሎ ማለት ነው፣ ሊመረመር ይገባል፤ ስኳር፣ እንቅርት፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ ካንሰር፣ የመንፈስ ጭንቀት፣ አንዳንዴም የማይመች ሰው ሠራሽ ጥርስ ከጀርባው ሊኖር ይችላል። ይህ ዓይነቱ መክሳት በቀን 20 ግራም እንኳ ስለማይሞላ አብሮ የሚኖር ሰው ዓይን አያየውም። በመጋቢት የተጻፈውንና በመስከረም የተጻፈውን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ደብተር ግን ያሳያል። እኔ የእናቴን ደብተር ቀጠሮ ባላት ቁጥር በቦርሳዋ እከትላታለሁ፤ ሐኪሙም ከሰላምታ ቀጥለው መጀመሪያ የሚጠይቁት እርሱን ነው።