የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ወደ ሕዋስ የሚገባበት በር እንዴት ተገኘ?

በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ ብዙ ሺህ ሰው መፍጀቱን ሲወርድ ሲዋረድ በመጣ ወሬ ሁላችንም ሰምተናል። ሕዝቡም የበሽታው ምክንያት የተበከለ አየር መስሎት ቆሻሻውን እየሰበሰበ አቃጠለ፤ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ሰፈሩን ማጠንም ከዚህ የተነሣ ልማድ ሆኖ ቆይቷል። ነገር ግን በሽታው በጢስ የሚሸሽ ጠላት አልነበረም። ታዲያ ወደ ሰው አካል ሕዋሳት የገባው በምን በር ኖሯል? መልሱ እስኪገኝ ከ60 ዓመት በላይ ፈጅቷል። ታሪኩን በአጭሩ እንተርካለን፤ ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ የተገኘው መለኪያው ነው። በ1909 ሶረን ሶረንሰን በኮፐንሀገን ከተማ፣ በካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ሲሠራ፣ የኮምጣጣነትን መጠን በቁጥር የሚገልጽ ፒኤች የተባለ ሚዛን አወጣ። በዚህ ሚዛን ንጹሕ ውሃ 7 ነው፤ ቁጥሩ በ1 ዝቅ ባለ ጊዜ ኮምጣጣነቱ 10 እጥፍ ይጨምራል።

ቀጥሎ ጠላቱ ተያዘ። በ1933 ዊልሰን ስሚዝ፣ ክሪስቶፈር አንድሩስና ፓትሪክ ሌይድሎ የተባሉ ሊቃውንት በለንደን የሰውን ኢንፍሉዌንዛ ፌሬት ወደምትባል እንስሳ አስተላልፈው ቫይረሱን ለዩት። በ1941 ደግሞ ጆርጅ ኸርስት የተባለ አሜሪካዊ፣ ቫይረሱ የዶሮን ቀይ የደም ሕዋሳት እርስ በርሳቸው እንደሚያጣብቅ አየ። ይህን የሚያደርገው በቫይረሱ ገጽ ላይ እንደ እሾህ የቆመ፣ ሄማግሉቲኒን የተባለ ፕሮቲን ነው።

ሆኖም መጣበቅ መግባት አይደለም። ሕዋስ በስብ ሽፋን የተከበበ ነውና ማንም እንደ ፈለገ አያልፍበትም። የተጣበቀበትን ቫይረስ ግን ራሱ በትንሽ ከረጢት ይውጠዋል፤ ከዚያም የዋጠውን ሁሉ ወደሚፈጭበት ስፍራ ሲወስደው ከረጢቱን በአሲድ ያኮመጥጠዋል። ለቫይረሱ መቃብር ሊሆን የሚገባው ይህ አሲድ የመግቢያው ቁልፍ ሆኖ ተገኘ።

በ1980 አሪ ሄሌኒየስና ባልደረቦቹ በጀርመን አገር በሃይደልበርግ ሲመራመሩ፣ መጀመሪያ በዑጋንዳ ከሰምሊኪ ደን ትንኞች የተገኘውን ቫይረስ ወስደው ሞከሩ። ለወባ የሚሰጠውን ክሎሮኪን ጨምረው የከረጢቱን ኮምጣጣነት በቀነሱ ጊዜ ቫይረሱ ታግዶ ቀረ። ይህ በብልቃጥ ውስጥ ባሉ ሕዋሳት የታየ ነው እንጂ ክሎሮኪን ለኢንፍሉዌንዛ መድኃኒት አልሆነም። በዚያው ዓመት በጃፓን አገር በኪዮቶ ማኤዳና ኦኒሺ፣ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ከቀይ የደም ሕዋስ ሽፋን ጋር የሚዋሐደው ፒኤች ወደ 5 ገደማ ሲወርድ መሆኑን አሳዩ።

በ1981 ኢያን ዊልሰን፣ ጆን ስኪልና ዶን ዋይሊ የሄማግሉቲኒንን መልክ በኤክስሬይ ገለጡት። ስኪል ይሠራ የነበረው ቫይረሱ በ1933 በተለየበት በዚያው ተቋም ነበር። ፕሮቲኑ ሦስት ተመሳሳይ ክፍሎች ተጣምረው የሠሩት ሲሆን ቁመቱ የአንድ ሚሊ ሜትር 13.5 ሚሊዮንኛ ያህል ነው። በ1982 አሲድ ይህን መልክ እንደሚለውጠው ታወቀ፤ በ1994 ደግሞ ከተለወጠ በኋላ ያለው መልክ ታየ።

ነገሩ እንደ ተወጠረ ወጥመድ ነው። ስብ የሚወድ የፕሮቲኑ ጫፍ በግንዱ ውስጥ ተሸሽጎ ይቆያል፤ አሲዱ ሲመጣ ራሱ ይላቀቅና ጫፉ ተስፈንጥሮ በከረጢቱ ሽፋን ላይ ይሰካል። ከዚያም ፕሮቲኑ ታጥፎ ሁለቱን ሽፋኖች እስኪዋሐዱ ድረስ ይስባቸዋል፤ የቫይረሱም ውርስ ወደ ሕዋሱ ይፈስሳል። ነገር ግን አሲዱ ከጊዜው ቀድሞ፣ የሚሰካበት ሽፋን በሌለበት ቢመጣ ወጥመዱ በከንቱ ይፈናጠራል፤ ዳግመኛም አይወጠርም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ ቫይረሱ ግን ያፈሰሰውን መልቀም እንኳ አይችልም።

ይህ እውቀት ለወሬ ብቻ አልቀረም። በ2009 የፕሮቲኑን ግንድ ጨብጠው አሲዱ መልኩን እንዳይለውጠው የሚከለክሉ የሰው ፀረ እንግዳ አካላት እንዴት እንደሚይዙት በግልጽ ታየ። ለልዩ ልዩ የኢንፍሉዌንዛ ዓይነቶች የሚሆን አንድ ክትባት ለማግኘት የሚደክሙ ሊቃውንትም ይህን ግንድ ዒላማ አድርገውታል።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፤ በ1911 ዓ.ም. ጢስ ያጨሱትን አባቶቻችንን አንነቅፋቸውም፤ ጠላታቸውን ሳያዩ በእጃቸው በነበረው ተዋግተዋልና። እኛ ግን በሩ የት እንዳለ ተነግሮናል። ስለዚህ ጢሱን ባየን ቁጥር የሞቱትን እያሰብን፣ የቀረውን በር ለመዝጋት በትምህርታችን እንትጋ።