አረንጓዴው ዕጢ

ሳንባ ነቀርሳ በሚበዛበት እንደ እኛ ባለ አገር፣ ራጅ ከፍርምባ ጀርባ እብጠት ሲያሳይ ሐኪሙ አስቀድሞ የሚያስባቸው በሽታዎች የታወቁ ናቸው። አልፎ አልፎ ግን እብጠቱ የደም ካንሰር ሆኖ ይገኛል። ደም እንዴት ዕጢ ይሆናል? ይህን ጥያቄ ይዤ ወደ ኋላ ብመለስ የረጅም ዘመን ታሪክ አገኘሁ።

እ.ኤ.አ. በ1811 ስኮትላንዳዊው ቀዶ ሐኪም አለን በርንስ አረንጓዴ ቀለም ያለው እብጠት አይቶ ጻፈ። በ1853 ኪንግ የተባለ ሐኪም አረንጓዴ ከሚለው የግሪክ ቃል ወስዶ «ክሎሮማ» አለው። ስም ወጣለት እንጂ ማንነቱ አልታወቀም። በመካከሉ፣ በ1845፣ ቤኔት በኤድንብራ፣ ቪርኾ በበርሊን ዛሬ ሉኪሚያ ስለምንለው የደም በሽታ ጽፈው ነበር። ዕጢውና የደሙ በሽታ ዝምድና እንዳላቸው አሜሪካዊው ጆርጅ ዶክ የጻፈው ግን በ1893 ነው።

ለአረንጓዴነቱ ምክንያቱ ማይሎፐርኦክሲዴዝ የተባለ ኤንዛይም ነው። መግልን ወደ አረንጓዴ የሚያደላውም ይኸው ነው። ሆኖም ቀለሙ የማይታይባቸው ዕጢዎችም ስላሉ ራፓፖርት በ1966 ሌላ ስም አቀረበ፤ ዛሬ «ማይሎይድ ሳርኮማ» ይባላል።

ታዲያ ቀለሙ ካልመሰከረ በምን ይታወቃል? ከዕጢው ናሙና ተወስዶ በአጉሊ መነጽር ይታያል። እዚህ ላይ ከሊምፎማ ጋር መምታታቱ የተለመደ ነው፤ ሕዋሶቹ ይመሳሰላሉና። የሚለያቸው ያንኑ ኤንዛይምና መሰሎቹን ፈልጎ የሚያሳይ ልዩ ማቅለሚያ ነው። ደምና መቅኒም ይመረመራሉ። ክፋቱ፣ ሁለቱም ንጹሕ ሆነው ሊገኙ መቻላቸው ነው፤ ዕጢው ሉኪሚያውን በወራት፣ አንዳንዴም በዓመታት ይቀድማል። ዕጢው ብቻ ተቆርጦ ወይም በጨረር ታክሞ ሕመምተኛው ቢሸኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሉኪሚያው ይከተላል። ስለዚህ ደሙ ንጹሕ ቢሆንም ሕክምናው የሉኪሚያ ሕክምና ነው። ሊምፎማ ነው ተብሎ የተሳሳተ ሰው የሚታከመው በሌላ መድኃኒት ነው፤ ጊዜውም ያልፋል።

እኔን የሚያሳስበኝ ከ1845 እስከ 1893 ያለው 48 ዓመት ነው። ዕጢውም ተጽፏል፣ የደሙም በሽታ ተጽፏል፤ ሁለቱን አገናኝቶ ያሳየ ግን ዘገየ። ዛሬም ናሙናውን የሚያየው አንድ ባለሙያ፣ ደሙን የሚያየው ሌላ ነው። ሁለቱ ካልተነጋገሩ፣ ያ 48 ዓመት በአንድ ሕመምተኛ ላይ እንደገና ይደገማል።