በብየዳ የሚሠሩ የአሉሚኒየም ጀልባዎች ለቆላማ ወንዞች

በምዕራብ ጎንደር ዞን የሚፈሱት የጓንግና የሽንፋ ወንዞች በበጋ ውኃቸው እጅግ ይቀንሳል፤ በክረምት ግን ሞልተው መንገደኛን ያግታሉ። ጓንግ በመተማ በኩል ሱዳን ሲገባ አትባራ፣ ሽንፋ ደግሞ ራሃድ ተብሎ ይጠራል። ለእንዲህ ዓይነት ወንዞች የሚገዛ ጀልባ በመኪና ተጭኖ ከቦታ ቦታ የሚዘዋወርና ጥልቀት በሌለው ውኃ የሚንሳፈፍ መሆን ይገባዋል።

በጣና ሐይቅ ከደንገል የሚሠራው ታንኳና የብረት ጀልባዎች ለረጅም ጊዜ አገልግለዋል። ይሁን እንጂ ታንኳ ውኃ እየጠጣ ቶሎ ያረጃል፤ ብረት ደግሞ ይከብዳል፣ ይዝጋልም። የአንድ ኪዩቢክ ሜትር ብረት ክብደት 7 ሺህ 850 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሆን፣ የአሉሚኒየም ግን 2 ሺህ 700 ብቻ ነው። ሆኖም አሉሚኒየም በቀላሉ ስለሚታጠፍ ላሜራው ከብረቱ መወፈር፣ የውስጥ ድጋፎቹም መቀራረብ አለባቸው።

ለጀልባ አካል በአብዛኛው የሚመረጠው ከ4 እስከ 4 ነጥብ 9 በመቶ ማግኒዥየም ያለው 5083 የተባለው ቅይጥ ነው። 6061 የተባለው ቅይጥ ሲበየድ በብየዳው ዙሪያ ጥንካሬው በእጅጉ ስለሚቀንስ ንድፉ ይህን ማገናዘብ አለበት።

ብየዳው ከተራ የብረት ብየዳ ይለያል። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀልጥ በላዩ ያለው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ግን የሚቀልጠው ከ2 ሺህ ዲግሪ በላይ ነው። በመሆኑም ሽፋኑ ከማይዝግ ብረት በተሠራ ንጹሕ ብሩሽ ይነሣል፤ ብየዳውም በአርገን ጋዝ ተከልሎ ይከናወናል። ዝናብና ነፋስ ባለበት ሜዳ የሚካሄድ ብየዳ ውስጡ ቀዳዳ ሊፈጥር ይችላል።

ጠፍጣፋ ወለል ጥልቀት ለሌለው ውኃ ሲመች፣ ሹል ወለል ማዕበልን ይሰነጥቃል። መዳብና ነሐስ አሉሚኒየሙን በቀጥታ ከነኩት እርጥበት ባለበት ይበላል።

ጀልባ የሚረከብ መሥሪያ ቤት የቅይጡን የፋብሪካ ማስረጃ፣ የበያጁን የብቃት ማረጋገጫ፣ የውኃ ማስገባት ፍተሻ ውጤትና የተፈቀደውን የጭነት ልክ አስቀድሞ መጠየቅ ይኖርበታል። ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የሕይወት አድን ጃኬት መሟላቱንም ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ደራሽ ጎርፍ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ በሚመጣበት ሰዓት ግን የትኛውም ጀልባ አስተማማኝ ስላልሆነ፣ ውኃው እስኪጎድል ማሻገርን ማቆም የተሻለው ውሳኔ ነው።