ድምፅን ከድምፅ መደመር፦ የላይን ሚክሰር አመጣጥና የምርጫው መመዘኛ

ሁለት የድምፅ ምንጮችን በአንድ ማጉያ ለማሰማት የሚሻ ሰው አስቀድሞ የሚታየው መፍትሔ ሁለቱን ሽቦዎች አንድ ላይ ማሰር ነው። ነገሩ ቀላል ቢመስልም ውጤቱ አያምርም። የዘመናችን መሣሪያዎች የመውጫ ኢምፔዳንስ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት መቶ ኦም ስለማይበልጥ አንዱ ምንጭ ለሌላው ከባድ ጭነት ይሆንበታል፤ በዚህም የተነሣ ድምፁ ይዳከማል፤ ይዛባልም። ስለሆነም ሚክሰር የተባለው ማደባለቂያ ዋና ተግባሩ ምንጮች አንዱ ሌላውን ሳይጎዳ እንዲደመሩ ማድረግ ነው። ይህ ችግር በምን መንገድ እንደተፈታ ማወቅ፣ ዛሬ ሚክሰር ለሚመርጥ መሐንዲስ ከዋጋ ዝርዝር ይልቅ ይጠቅመዋል።

የመስመር ደረጃ የሚባለው ልክ የተወረሰው ከስልክ ነው። በ600 ኦም ላይ 1 ሚሊዋት የሚያሳርፈው 0.775 ቮልት የዴሲቤል መነሻ ሆኖ ተወሰደ። እ.ኤ.አ. በ1939 ቤል ላቦራቶሪ ከሲ.ቢ.ኤስ. እና ከኤን.ቢ.ሲ. የሬዲዮ ድርጅቶች ጋር ባወጣው የቪዩ መለኪያ መሠረት፣ የባለሙያ መሣሪያ ዜሮ ነጥብ ከዚህ መነሻ 4 ዴሲቤል ከፍ ብሎ 1.23 ቮልት ላይ ተተከለ። የቤት ውስጥ መሣሪያዎች ግን በ0.316 ቮልት ይሠራሉ። በሁለቱ መካከል ወደ 12 ዴሲቤል የሚጠጋ ልዩነት አለ፤ ይኸውም አራት እጥፍ ገደማ ነው።

በቫልቭ ዘመን ድምፅ የሚደመረው በአብዛኛው በሬዚስተር መረብ ነበር። እያንዳንዱ ምንጭ በራሱ ሬዚስተር አልፎ ከጋራው መስመር ይገናኛል። መረቡ ምንጮቹን ይከላከላል፤ ዋጋ ግን ያስከፍላል። አሥር እኩል ሬዚስተሮች ቢገናኙ እያንዳንዱ ድምፅ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል፤ ይህም የ20 ዴሲቤል ኪሣራ ነው። ኪሣራውን የሚመልሰው ማጉያ ደግሞ ድምፁን ሲያነሣ የራሱን ኖይዝ አብሮ ያነሣል።

ሌላው መንገድ የተጀመረው ከሙዚቃ ርቆ ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2 ቀን 1927 የቤል ላቦራቶሪው መሐንዲስ ሃሮልድ ብላክ ወደ ሥራው ለመሄድ በጀልባ የሃድሰንን ወንዝ ሲሻገር፣ የአሉታዊ ግብረ መልስ ሐሳብ መጣለትና በእጁ በነበረው የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይ ጻፈው። ማጉያው ከመውጫው ጥቂቱን ወደ መግቢያው በተቃራኒ አቅጣጫ ሲመልስ መዛባቱ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ1941 በዚያው ላቦራቶሪ ካርል ስዋርትዘል በዚሁ መሠረት ላይ ለተሠራ የመደመሪያ ማጉያ የባለቤትነት መብት ጠየቀ። መሣሪያው የታሰበው ለኤም-9 የፀረ አውሮፕላን መድፍ መሪ ነበር፤ የዒላማው አቀማመጥ በቮልት እየተወከለ ይሰላል። ኤም-9 እ.ኤ.አ. በ1944 ከራዳር ጋር ተቀናጅቶ እንግሊዝን ከቪ-1 በራሪ ቦምቦች ለመከላከል ውሏል።

የአሠራሩ ምስጢር እንዲህ ነው። ግብረ መልሱ የመደመሪያውን ነጥብ ዘወትር ወደ ዜሮ ቮልት ይጎትተዋል፤ ነጥቡ ከመሬት ጋር ሳይታሰር እንደ መሬት ይሆናል። ስለዚህ ከአንዱ ምንጭ የሚመጣው ጅረት ወደ ሌላው አይዞርም፤ አንድ ምንጭ ቢጨመር ወይም ቢቀነስም የሌሎቹ መጠን አይለወጥም። እ.ኤ.አ. በ1947 ጆን ራጋዚኒና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጽሑፍ መሣሪያው ኦፐሬሽናል አምፕሊፋየር ተባለ። የፌርቻይልድ መሐንዲሶች የሮበርት ዊድላር 709 በ1965፣ የዴቪድ ፉላጋር 741 ደግሞ በ1968 ሲወጡ፣ ብዙ ቫልቮች ይፈልግ የነበረው ማጉያ በአንዲት ቺፕ ላይ ተጠቃለለ። 741 ለጥራት ድምፅ ዘገምተኛ ቢሆንም፣ ከእርሱ በኋላ የመጡት 5534 እና 5532 ጸጥተኞችና ፈጣኖች ሆኑ።

ይሁን እንጂ አዲሱ መንገድ ዕዳውን ሙሉ በሙሉ አልሰረዘም። አሥር መግቢያ ያለው የመደመሪያ ማጉያ ድምፁን ባያጎላም የራሱን ኖይዝ 11 ጊዜ ያጎላል፤ ይህም ወደ 21 ዴሲቤል ነው። ጥቅሙ ምንጮቹን መለየቱ እንጂ ከኖይዝ ነፃ ማውጣቱ አይደለም። ብዙ መግቢያ የግድ የተሻለ ሚክሰር ማለት እንዳልሆነም ከዚህ ይታያል።

ሌላው ቁም ነገር የላይኛው ወሰን ነው። እርስ በርስ የማይገናኙ አሥር እኩል ድምፆች ሲደመሩ 10 ዴሲቤል ይጨምራሉ፤ አንድ ዓይነት ከሆኑ ግን 20። በ15 ቮልት ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ኃይል የሚሠራ ማጉያ ከባለሙያው ዜሮ ነጥብ በላይ 17 ዴሲቤል ያህል ብቻ ይቀረዋል። የቪዩ መለኪያ ደግሞ ዘገምተኛ ስለሆነ የሙዚቃው ቅጽበታዊ ጫፍ ከሚያሳየው በ10 ዴሲቤልና ከዚያም በላይ ሊበልጥ ይችላል። መርፌው ጸጥ ብሎ ሳለ የዘማሪው ድምፅ የሚቆረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ መራጩ በቅድሚያ የምንጮቹን ብዛትና ደረጃ ይቁጠር። ምንጮቹ ሁለት ወይም ሦስት ከሆኑና ተቀባዩ ማጉያ በቂ ትርፍ ኃይል ካለው፣ ጥቂት ሬዚስተሮች ያሉት መረብ ይበቃዋል። ምንጮቹ ከበዙ ወይም በሥራ መካከል የሚገቡና የሚወጡ ከሆነ ባለ ማጉያ ሚክሰር ያስፈልጋል፤ የቤትና የባለሙያ መሣሪያዎች ከተቀላቀሉም የየመግቢያው ደረጃ ለየብቻ መስተካከል አለበት። መሣሪያዎቹ ከተለያዩ የኤሌክትሪክ መስመሮች ኃይል የሚያገኙ ከሆነ፣ የመሬት ዑደት የሚፈጥረውን እምታ ለመከላከል ባላንስድ መግቢያ ወይም ትራንስፎርመር ይመረጣል። ለመድፍ ስሌት የተፈጠረው መደመሪያ ዛሬ ለዜማ አገልጋይ ሆኗል፤ ሒሳቡ ግን ያው ነው፤ ሳይሰላ የተደመረ ዕዳው በአድማጭ ጆሮ ላይ ይወድቃል።