ዶሮ በል አራዊት በኢሉባቦር

ዶሮ በል አራዊት በመኖሪያ ቤት አካባቢ ያሉ ዶሮዎችን፣ ጫጩቶችንና እንቁላልን የሚያጠቁ የዱር አጥቢ እንስሳት፣ አዕዋፍና እባቦች ናቸው። በኢትዮጵያ ገጠርና ትናንሽ ከተሞች፣ ፈንግልን ከመሰሉ በሽታዎች ቀጥሎ ለጫጩት ሞት ዋና ምክንያት ከሚባሉት አንዱ የእነዚህ አራዊት ጥቃት ነው። በኢሉባቦር ዞን፣ በመቱ፣ በኖፓ፣ በሁሩሙ፣ በያዮና በጎሬ አካባቢ፣ የቡና ጥላ ዛፎችና ደን እስከ ጓሮ ድረስ ስለሚደርሱ አራዊቱ ከሰው ጋር ተጎራብተው ይኖራሉ።

አካባቢው

ኢሉባቦር ብዙ ዝናብ ከሚያገኙ የአገሪቱ ክፍሎች አንዱ ነው። በዞኑ የሚገኘው የያዮ የቡና ደን በ2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2010) በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ደን፣ የጓሮ ቡና፣ ቁጥቋጦና የበቆሎ ማሳ ተያይዘው ስለሚገኙ፣ አውሬው ሳይታይ እስከ ዶሮ ቤት መድረስ ይችላል። አብዛኛው የአካባቢው ዶሮ ደግሞ ቀን ቀን እየለቀመ የሚውል፣ ማታ በቤት ውስጥ ወይም በቆጥ ላይ የሚያድር ነው።

የጥቃቱ ጉዳት ከአንድ ጫጩት ዋጋ ይበልጣል። የአገር ዶሮ እንቁላሏን 21 ቀን ትታቀፋለች፤ ከዚያም ጫጩቶቿን ይዛ ስትዞር ለሳምንታት እንቁላል አትጥልም። ስለዚህ ጫጩቶቹ በሙሉ ከተበሉ ባለቤቲቱ ያጣችው የወራት ምርት ነው። ለብዙ ሴቶች የዶሮና የእንቁላል ሽያጭ በእጃቸው የሚገባ ገንዘብ በመሆኑ ኪሳራው በቀጥታ የሚነካው እነሱን ነው።

ዋና ዋና አጥቂዎች

* ሸለምጥማጥ፦ ቀጭን፣ ነጠብጣብ ያለው፣ ጅራቱ ቀለበት የመሰለ ሌሊት የሚንቀሳቀስ እንስሳ ነው። ዛፍና ግድግዳ ይወጣል፤ ጭንቅላቱ ካለፈ ሌላው አካሉም በጠባብ ቀዳዳ ያልፋል።
* ጥርኝ፦ ከሸለምጥማጥ ይከብዳል፤ የሚሄደውም በምድር ላይ ነው። ፍራፍሬ፣ ነፍሳትና አይጥም ይበላል። የበሰለ የቡና ፍሬ በልቶ ዘሩን በኩሱ ስለሚበትን ለደኑ ይጠቅማል። ለሽቶ ሥራ የሚውለው ዝባድም ከእሱ ይገኛል።
* ፋሮ፦ ዶሮም እንቁላልም ይወዳል። አንዳንዶቹ የፋሮ ዓይነቶች ቀን፣ ሌሎቹ ሌሊት ያድናሉ።
* ጭልፊትና ሌሎች አዳኝ አዕዋፍ፦ ቀን ከሰማይ ወርደው ጫጩት ይነጥቃሉ።
* አይጥና እባብ፦ እንቁላልና ትናንሽ ጫጩቶችን ያጠፋሉ።

ያልታሰረ ውሻና ድመትም ብዙ ጊዜ በአውሬ የሚሳበበውን ጥፋት ያደርሳሉ።

አጥቂውን መለየት

መከላከያው ከመሠራቱ በፊት አጥቂው ማን እንደሆነ ማወቅ ድካምን ይቀንሳል። ጫጩት በጠራራ ፀሐይ ያለ ምልክት ከጠፋ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ጭልፊት ነው። በአንድ ሌሊት ብዙ ዶሮዎች ተገድለው ጥቂቱ ብቻ ከተበላ፣ ሸለምጥማጥ ወይም ፋሮ ወደ ተዘጋው ቤት ገብቶ ሊሆን ይችላል። እንቁላል ቅርፊቱ እንኳ ሳይቀር ከጠፋ እባብ ይጠረጠራል። በጭቃ ላይ የታተመ ዱካ፣ የተረፈ ላባና የመግቢያው ቀዳዳ ስፋት ግምቱን ያጠናክራሉ።

መከላከያ

አንድ አውሬ ቢገደል ሌላው ክፍት የሆነውን ቦታ ስለሚይዝ፣ ዘላቂው መፍትሔ ዶሮዋን መጠበቅ ነው።

ሌሊት፦ ዶሮዎች ሳይመሽ ገብተው በሩ በመቀርቀሪያ መዘጋት አለበት። ቤቱ በእንጨት ቋሚ ላይ ከመሬት ከፍ ብሎ ቢሠራና በቋሚዎቹ ዙሪያ ለስላሳ ቆርቆሮ ቢጠቀለል፣ የሚወጣ እንስሳ መቆንጠጫ ያጣል፤ በዝናባማው አገር ደግሞ ወለሉ ደረቅ ይሆናል። ለአየር የተተወው መስኮት ቀዳዳው ጠባብ በሆነ ወንፊት ሽቦ ይሸፈናል። ሰፋፊ ቀዳዳ ያለው የዶሮ ሽቦ ዶሮን ከመውጣት ቢከለክልም አይጥን አያስቆምም። ቤቱ በምድር ላይ ከሆነ፣ ከሥር ቆፍሮ የሚገባውን ለመከልከል ሽቦው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ መሬት ይቀበራል።

ቀን፦ ጫጩቶችን ቢያንስ እስከ 6 ወይም 8 ሳምንት ድረስ በተከለለ ቦታ ማቆየት ከሁሉ ይበልጣል። ቅርጫት መድፋት የቆየ ዘዴ ነው። በጅማ የተሞከረው የጭድ ሳጥን ደግሞ የጫጩቶቹን የራሳቸውን ሙቀት በጭድ ይዞ ስለሚያቆይ፣ ኤሌክትሪክም ሆነ ጋዝ ሳያስፈልገው ያለ እናት ዶሮ ለማሳደግ ያስችላል። እንቁላል በየቀኑ ይሰበሰባል፤ የምግብ ትራፊና የታረደ ዶሮ ሆድ ዕቃ በግቢው አይጣልም፤ በዶሮ ቤቱ ዙሪያ ያለው ቁጥቋጦ ይመነጠራል። የጥላ ዛፎቹን ግን መቁረጥ አያስፈልግም።

መርዝና ሕግ

ሥጋ ላይ መርዝ አድርጎ ማስቀመጥ አደገኛ ነው። መርዙ የታሰበለትን አውሬ አይመርጥም፤ የጎረቤት ውሻን፣ ሕፃናትንና የሞተውን እንስሳ የሚበሉትን ጥንብ አንሳዎች ይገድላል። ጥንብ አንሳዎች በአፍሪካ ቁጥራቸው ከቀነሰባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ መርዝ ነው። አይጥ የሚበሉት ጉጉትና ጥርኝ ሲጠፉም አይጥ ይበዛል፤ አይጡም ተመልሶ እህሉንና ጫጩቱን ይበላል።

የኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ሕግ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። በመከላከያ ያልተመለሰ አውሬ ሲያጋጥም ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይገባል። ሰውን የማይፈራ አውሬ የእብድ ውሻ በሽታ ሊኖርበት ስለሚችል በእጅ አይነካም። የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውኃ አጥቦ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።