የጓሳው ቄሮና የቀይ ቀበሮው ዕጣ

የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በተነሣ ቁጥር ክርክራችን ከባላባትና ከጭሰኛ አያልፍም። በዚያው አዋጅ ምክንያት በመንዝ አናት ላይ ጠባቂ ያጣው የጓሳ ሣርና በውስጡ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ግን ከታሪክ ጸሐፊዎቻችን ብዙ ቀለም አላገኙም።

ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ከፍታ ጀምሮ የተንጣለለ፣ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ውርጫማ አገር ነው። ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው የቃል ታሪክ መሠረት ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የአስቦና የጌራ ዘሮች በርስትነት ይዘው፣ ቄሮ በተባለ ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። (ከቅርብ ዘመኑ የወጣቶች ንቅናቄ ጋር በስም እንጂ በነገር አይገናኝም።) ሥፍራው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ አለቆቹ ቀን ቆርጠው ይከፍቱታል፤ ሕዝቡም ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ የሚሆነውን ያጭዳል። ማረስ ክልክል ነው፤ ከጥበቃ ተራው የቀረም ይቀጣል። ጥበቃው ለሣሩ እንጂ ለቀበሮው ታስቦ አልነበረም። ሆኖም ሣር በቆመበት አይጥ ይራባል፤ አይጥ በተራባበትም ቀይ ቀበሮ ይኖራል።

እውነቱ እንዳይደበቅ፣ ሥርዓቱ የዘር ነበር። ትውልዱን ከአስቦ ወይም ከጌራ የማይቆጥር ጎረቤት በሣሩ ላይ መብት አልነበረውም። አዋጁ ይህን አድልዎ መሻሩ ያስመሰግነዋል እንጂ አያስወቅሰውም። ጥፋቱ ሌላ ነው፦ ርስቱን ሲሽር ዘበኛውንም አብሮ ሻረ፤ በምትኩም ማንንም አላቆመም። ቀን ሳይቆረጥ ከብት ገባ፣ ማጭድ ገባ፣ ከዳር ዳሩም ሞፈር ገባ።

ከብት ካለ እረኛ፣ እረኛ ካለም ውሻ አይቀርም። ውሻ በአገራችን ጥንታዊ እንስሳ ቢሆንም ለውርጩ አናት ባዳ ነው፤ ሰውን ተከትሎ የወጣ ነው። ይዞት የሚወጣው መዘዝ በጉልህ የታየው በባሌ ተራሮች ነው። በ1996 ዓ.ም. ከውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ፈጀ፤ ወረርሽኙን ለመግታት ቀበሮዎቹ ራሳቸው እየተያዙ ተከተቡ። በሽታው ከዚያ በፊት በ1984፣ ከዚያም በኋላ በ2001 ዓ.ም. ተከስቷል። ቀይ ቀበሮ በመንጋ የሚኖር ስለሆነ አንዱ ከታመመ ሌሎቹም አይተርፉም።

እዚህ ላይ ሞፈሩና ውሻው ይተባበራሉ። በአገራችን ከ3,200 ሜትር በላይ ካለው መሬት 60 በመቶ ያህሉ ወደ እርሻነት ተለውጧል፤ ቀበሮዎቹም በተራራ ላይ እንደ ደሴት ተነጣጥለው ቀርተዋል። በሽታ አንዱን ደሴት ባዶ ቢያደርገው ከጎረቤት መጥቶ የሚተካ የለም። በዓለም ላይ ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ደግሞ 500 አይሞሉም፤ ሁሉም ያሉት በኢትዮጵያ ነው።

የመንዝ ገበሬዎች ኋላ ላይ በገበሬ ማኅበሮቻቸው አማካይነት፣ ዘር የማይለይ አዲስ ደንብ አውጥተው ጥበቃውን መልሰዋል፤ ጓሳ ዛሬም የቀይ ቀበሮና የጭላዳ መኖሪያ ነው። በጎጃሙ ጮቄ ተራራ ግን እርሻው ወደ አናቱ ወጥቷል፤ ቀይ ቀበሮም ከዚያ ጠፍቷል።